ከፍቺ በኋላ በድባቴ የተያዘው ወንድሜ ማገገም ጀምሮ ተመለሰበት

የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ34 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ጥቅምት ትዳሩ ፈረሰ፤ የ5 ዓመት ልጁም ከእናቷ ጋር ባሕር ዳር ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ይነቃል፣ እህል አይቀምስም፣ የልጂቱን ቢጫ ጫማ ከራስጌው አስቀምጦ ሲያየው ያነጋል። ኀዘን ነው፣ ጊዜ ይሽረዋል ብዬ ሦስት ወር ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጥር ላይ ሐኪም ድባቴ መሆኑን ነግሮን ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም በየቀኑ አዘዘለት፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት እንደሚፈጅ ያስረዳን ስላልነበረ ግን በ10ኛው ቀን አቆመው። ሌላ ባለሙያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መታገሥ እንደሚገባ ሲነግረን እንደገና ጀመረ፤ ጠበልም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ተጠመቀ። በሁለተኛው ወር እንቅልፉ ተመለሰ፣ ሱቁንም ከፈተ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የቀድሞ ባለቤቱ ልታገባ መሆኑን ሰማና ሱቁን ዘግቶ ቤት ገባ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንደሌለው በግልጽ ጠይቄው ነግሮኛል፤ በቀጠሮውም ሐኪሙ መድኃኒቱ እንዲቀጥል አዟል።

እሑድ እሑድ ከልጁ ጋር በእናቷ ስልክ ይነጋገራል። የልጂቱን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ይፈካል፤ የእናቷን ሲሰማ ግን ሁለት ቀን ከአልጋ አይነሣም። ሽማግሌዎቻችን ጥሪው ለጊዜው ይቁም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ማጣት እንዳይጨመርበት እፈራለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ ጥሪው እስኪያገግም ቢቆም ይሻላል ወይስ በአያቷ ስልክ ቢቀጥል?