የታሪክ መታጠፊያና የሕይወት መታጠፊያ፦ ከውስጡ ሆኖ ማወቅ ይቻላልን?

ጠያቂ፦ የዘጌ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን በማስተምርበት ጊዜ ተማሪዎቼ ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ዘንድሮ ደግሞ ጥያቄው በራሴ ኑሮ ላይ መጣብኝ። ንጉሡ የካቶሊክ እምነትን ትተው የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ያወጁበትና መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ያስረከቡበት እ.ኤ.አ. 1632 የዘመኑ መታጠፊያ ተደርጎ ይቀርባል። ልጆቹ ግን «አዋጁን የሰሙት ሰዎች ዘመን እንደ ተለወጠ በዚያው ቀን ያውቁ ነበርን?» ይሉኛል።

የራሴ ጉዳይ እንዲህ ነው። እናቴ በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው ዘጌ ውስጥ፣ አባቴ በተወላት የቡና ቦታ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ለእኔ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ ተገኝቶልኛል፤ ወንድሞቼ ደግሞ የቡናውን ቦታ ለሌላ ሰጥተን እናታችንን ወደ ከተማ እናምጣት ይላሉ። ዘጌን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ከጥንት ጀምሮ በሬ የማይጠመድበት፣ ኑሮው በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ላይ የቆመ አገር ስለሆነ፣ ቦታው አንዴ ከእጅ ከወጣ መልሶ ማግኘቱ ይከብዳል። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «የሕይወትሽ መታጠፊያ ላይ ደርሰሻል» ይለኛል። ሰው መታጠፊያውን ከውስጡ ሆኖ ሊያውቀው ይችላልን? ወይስ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ብቻ ነው?

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ እኔም ይህንኑ ዘመን ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። በእኔ እምነት 1632 መታጠፊያው አይደለም፤ ነገሩ ቀድሞ ከታጠፈ በኋላ ሁሉም ሰው ያየበት ዓመት ነው።

ንጉሡ የካቶሊክ እምነታቸውን በይፋ የገለጡት በ1622 ነበር። የኢየሱሳውያን (የጀስዊቶች) ማኅበር ሚሲዮናዊ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በዚያው ዓመት እስኪሞት ድረስ ነገሩን በትዕግሥትና በብልኃት ይዞት ስለነበር፣ አገሩ ቢያጉረመርምም ዕርቅ ገና የሚቻል ነበር። የቅዳሜን ሰንበት ማክበር በመከልከሉ አስቀድሞም ዐመፅ ተነሥቶ ነበር፤ ያም ሆኖ የመመለሻው በር አልተዘጋም። ከሮም የተሾመው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ገብቶ በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ በፊቱ ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ ታማኝነታቸውን በመሐላ ካረጋገጡ በኋላ ግን የተነካው የቤተ መንግሥት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ በሮማውያን ሥርዓት እንዲሆን ታዘዘ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ምሥጢር የሚደረገውን ክርክር የማይከታተል ገበሬ፣ ልጁ ያለ ጥምቀት እንደ ቀረ፣ አባቱም በከንቱ እንደ ጾመ ሲነገረው ምን እንደሚሰማው አስቢው። እኔ መታጠፊያውን እዚህ ላይ አደርገዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ንጉሡ ድል ቢያደርጉም የሚጠቅማቸው አልነበረምና።

ድል ማድረጋቸውንም ለተማሪዎችሽ አጽንተሽ ንገሪያቸው፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በሰኔ 1632 ወይና ደጋ በተባለው ቦታ ላይ ከላስታ የመጣውን የዐመፀኛ ጦር የሰበሩት ሱስንዮስ ናቸው። በሜዳው ላይ የወደቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን የራሳቸው አገር ገበሬዎች፣ የራሳቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። እምነቱ እንዲመለስ ያወጁት ባሸነፉበት ወር ነው። ተሸንፎ የሚለቅ ንጉሥ ብዙ ነው፤ አሸንፎ የሚለቅ ግን የድሉን ከንቱነት የተረዳ ነው። ከዚያ በኋላ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ማስወጣታቸው፣ በ1636 ጎንደርን መቈርቈራቸው፣ ሚሲዮናውያን በምፅዋና በሱአኪን እንዳያልፉ ከባሕሩ ዳር ገዢዎች ጋር መስማማታቸው ሁሉ የዚያው ተከታይ ነው።

ስለ ራስሽ ጉዳይም የምልሽ ይኸው ነው፦ ቀኑን አትፈልጊ፤ ከምታደርጊያቸው ነገሮች መካከል የማይመለሰው የትኛው እንደሆነ ለዪ። ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይመለሳል። የቡናው ቦታ ግን አይመለስም።

መልስ፦ የቆራጣዋ

መምህራችን የጻፉትን በአክብሮት አነበብሁ፤ ነገር ግን ስለ ነገሥታቱ ብቻ በመናገራቸው ከጣና ምሥራቃዊ ዳር ሆኜ ዝም ማለት አልቻልሁም። የዚያን ዘመን መታጠፊያ ከአንዲት ሴት ቤት ውጭ መተረክ ለእኔ ጎደሎ ነው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች፤ ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ አማካሪ ነበር፤ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1672 የተጻፈው ገድሏ እንደሚተርከው፣ ከባሏ ቤት የወጣችው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ለምናኔ ብላ ወጣች፤ ባሏ ግን በተጠለለችበት አገር ሰዎች ላይ ስለ ተነሣባቸው፣ ለእነርሱ ስትል ተመለሰች። በኋላም በንጉሡ ላይ ቀደም ብሎ በተነሣ ዐመፅ ጦርነት የተገደሉት የጳጳሱ የአቡነ ስምዖን ልብሰ ጳጳስ በባሏ እጅ እንደሚገኝ ሰማች። ከዚያ በኋላ በአንድ ማዕድ መቀመጥ አልሆነላትም።

የወጣችበት ቤት ያው ነው፤ ባሏም ያው ሰው ነው፤ የድፍረቷም መጠን የተለወጠ አይመስለኝም። የተለወጠው ያወቀችው ነገር ነው። ስለዚህ «የሕይወቴን መታጠፊያ ከውስጡ ሆኜ ላውቀው እችላለሁን?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ «አዎን» ነው፤ ከሰሙት በኋላ እንዳልሰሙ ሆኖ መኖር የማይቻል ነገር ሲመጣ ሰው ያውቀዋል። እርሷም በንጉሡ እምነት ላይ በግልጥ አስተማረች፤ በሸንጎ ፊት ቆመች፤ ተጋዘች፤ በዙሪያዋ የተሰበሰቡትን ይዛ በጣና ዳርቻ የአንድነት ማኅበራትን መሠረተች፤ በ1642 ዐረፈች። ቆራጣም በስሟ የተማፀነ የማይነካባት መጠጊያ ከተማ ሆና ለረጅም ዘመን ኖራለች። ያች ሴት ከቤቷ ስትወጣ ንጉሡ የካቶሊክ እምነታቸውን በይፋ የገለጡበት ቀን እንኳ ገና አልመጣም ነበር።

መልስ፦ የፋብሪካው ልጅ

ሁለታችሁም ያላችሁት ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምንታጠፈው እንደዚያ አይመስለኝም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ገንዘብ በ1961 ተቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። ዛሬ የከተማዋን ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ዓመታት መታጠፊያ ይላቸዋል፤ ልክ ነው። አባቴ ግን በዚያ ፋብሪካ ሲቀጠር ምንም አልታጠፈም። ከሐይቁ ማዶ በደንገል ታንኳ እንጨት እያመጣ ይሸጥ የነበረ ገበሬ ነው፤ ደመወዝ ከያዘም በኋላ በየክረምቱ ፈቃድ እየጠየቀ ለእርሻው ይሄድ ነበር። ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ እንዲደርቅ በግድግዳ ላይ ያቆመዋል፤ ደንገል ውኃ ከጠገበ ይከብዳልና ነገ የሚቀዝፍ ሰው ዛሬ ያደርቀዋል። እናቴ እንደምትነግረን፣ አንድ ክረምት ታንኳው በሰበሰ፤ አባቴም ሌላ አላሰረም። በሬዎቹንም ለታናሽ ወንድሙ ለቀቀለት። ማንም አዋጅ አልነገረም፣ ማንም አልተጨቃጨቀም። የከተማ ሰው የሆነው ያን ጊዜ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን እርሱ ራሱ መናገር አይችልም ነበር።

ስለዚህ እኅታችን፣ ቀን የሌለው መታጠፊያም አለና አንድ ውሳኔ ላይ ብቻ ዐይንዎን አይትከሉ። ደግሞም እስካሁን የጻፍነው ሁሉ ስለ እርስዎ ነው። ከዘጌ የሚነሡት እናትዎ ናቸው፤ እርስዎ ቀድሞውንም ባሕር ዳር ነዎት። ወንድሞችዎ ያሉትን ጻፉልን፤ ሰዎች ያሉትንም ጻፉልን፤ እናትዎ ያሉት ግን በጽሑፍዎ ውስጥ የለም።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ (ጠያቂዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻው አስተያየት ልቤን ነካው፤ እናቴን በቀጥታ የጠየቃት ሰው ከመካከላችን የለም። በዚህ ሰንበት ወደ ዘጌ ተሻግሬ፣ ወንድሞቼ በሌሉበት፣ እርሷን አነጋግራለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ስለ ቡናው ቦታ ማንም ውል እንዳይነጋገር ለወንድሞቼ ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ። የአዲስ አበባውን ሥራ በተመለከተ መምህራችን «ይመለሳል» ያሉት አሳርፎኛል።

ለክፍሉም 1626ን፣ 1632ንና የወለተ ጴጥሮስን ሁለት መውጣት ጎን ለጎን አቅርቤ፣ መታጠፊያው የትኛው እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲከራከሩ አደርጋለሁ። አሁን የሚጎድለኝ የላስታዎቹ ወገን ነው። ወይና ደጋ ላይ ስለ ወደቁት ገበሬዎች ከአያቶቹ የሰማው ትረካ ያለው፣ በተለይ ከላስታና ከበጌምድር በኩል፣ እዚሁ ቢጽፍልኝ በስማቸው ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።