ወደ ሮቢት ለምትወርዱ፦ ስለ ሙቀትና ስለ መኪና ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቀኝ። «ግንቦት ውስጥ ወደ ሸዋ ሮቢት ልወርድ ነው። ለመኪናዋ ምን ላድርግላት? ለራሴስ ምን ልያዝ?» ለእያንዳንዱ ከምደጋግም እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ማሾና ሽንኩርት ስለሆነ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ እወርዳለሁ። መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። የሱቅና የጋራዥ ስም አልጠራም። ዛሬ ጎበዝ የተባለው ነገ ባለሙያው ይለቅበታል፤ ከዚያ ተሰዳቢው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሮቢት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጠዋት ጃኬት ለብሳችሁ ተነስታችሁ፣ አርማንያን ስታልፉ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ተጣብቋል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ቆላውን ነው። እኔ ግን በዚህ መንገድ መኪና ፈልታ የቆመች ሳይ ብዙ ጊዜ ስትመለስ ነው፤ ዳገቱ ላይ።

የራዲያተር ክዳን

አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ ብትሉኝ የምለው ይሄንን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከሮቢት ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ጭኜ እየወጣሁ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት። ከአርማንያ ትንሽ አለፍ እንዳልኩ የሙቀት መለኪያዋ ቀስቷ ወደ ቀይ ሄደች። ቆምኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። በችኮላ ጨርቅ ይዤ ክዳኑን ልከፍት ስል ከኋላዬ የቆመ የአይሱዙ ሹፌር «እንዳትከፍተው ልጄ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። እጄን ያዙኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፤ ከደብረ ሲና የገዙትን ቆሎም አካፈሉኝ። ሲበርድ ራሳቸው ከፈቱት። ክዳኑን ገልብጠው ውስጡ ያለችውን ላስቲክ በጥፍራቸው ነካ አደረጓት። እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጠቀች። «ይቺ ናት ጉድህ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጣርማበር ላይ ክፍት ድስት 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተር በጤናው የሚሠራበት ሙቀትም ከዚያው ብዙም አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ አፍኖ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው። ላስቲኩ ከሞተ ራዲያተራችሁ ክፍት ድስት ሆነ ማለት ነው። እኔ ከዚያ በፊት ራዲያተር አሳጥቤ፣ ውሃ ቀይሬ፣ ብዙ ብር ከስክሼ ነበር። ያቺን ክዳን ግን አንድም ሰው አላያትም።

ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ላዩ ላይ የግፊት ቁጥር አለ፤ 0.9 ወይም 1.1 ይላል። ቁጥሩ ይመሳሰል። «ይሄ ይበልጣል፣ ይሻልሃል» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ግፊቱ ሲበዛ ማኒኮቶ፣ ውሃው የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ፣ ይፈነዳል።

ኩላንት ወይስ የቧንቧ ውሃ?

ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹ። የቧንቧም የወንዝም ውሃ ዝገትና ደለል ያመጣል። ለክፉ ቀን በጀሪካን መያዝ ግን ግድ ነው፤ እኔ ሁሌ አምስት ሊትር አላጣም።

ችግሩ ገበያ ላይ ኩላንት ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኩላንት አለመሆኑ ነው። አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ውሃም አለበት። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። በትንሽ ጠርሙስ ቀድቼ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጠዋት በረዶ ከሆነ ውሃ ነው፤ ይመለስለት። በትክክል የተቀላቀለ ኩላንት በቤት ፍሪዘር አይጋገርም። አደራ፣ ከልጅና ከውሻ አርቁት። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ መርዝ ነው።

ያልተቀላቀለውና የተቀላቀለው ለየቅል ናቸው። ያልተቀላቀለው ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ ይበረዛል፤ የባትሪ ውሃ የሚሉት ይሆናል፣ ከአሲዱ ጋር እንዳይምታታባችሁ ብቻ። ሲሰላ ይሄኛው ይረክሳል። መበረዝ የሚሰለቸው ግን የተቀላቀለውን ይግዛ።

ጋራዥ እንዴት ልምረጥ?

አንድ መለኪያ አለኝ። «መኪናዬ ትሞቃለች» በሉት። ገና ኮፈን ሳይከፍት «ቴርሞስታቱን እናውጣው» ካለ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግድ ቫልቭ ነው። እኔን አንዱ አስወጥቶኝ ነበር። ከዚያ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ፤ ቤንዚኑን ትጠጣዋለች። ዳገቱ ላይ ደግሞ ያው ትፈላለች። ጥሩ መካኒክ ክዳኑን ያያል፣ ቺንጊያውን (የሞተሩን ቀበቶ) በጣቱ ይጫናል፣ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) መነሳቱን ቆሞ ይጠብቃል። ትዕግሥት ያለው ነው የሚሻለው።

ይህን ሁሉ እዚህ ላይኛው አገር ጨርሳችሁ ውረዱ። ሮቢትም ጎበዝ ልጆች አሉ፤ ግን በቀትር የጋለ ሞተር ላይ ማሠራት ለእናንተም ለእነሱም ፍዳ ነው።

ቁልቁለቱ

ጣርማበርን ስትወርዱ ማርሽ ቀንሱ። ሞተሩ ይያዛት። ፍሬን ላይ ተኝታችሁ ከወረዳችሁ ደብረ ሲና ሳትደርሱ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ከሸተታችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ውሃ አትድፉበት፣ በራሱ ይብረድ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። በሁለት ዓመት አንዴ ማስቀየር ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ማርሹን ነፃ አድርጋችሁ፣ ይባስ ብሎ ሞተር አጥፍታችሁ አትውረዱ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬንም መሪም ይጠነክራል። ያን ገደል እያያችሁ።

ኤሲ

ኤሲ አይቀዘቅዝም ሲባል ሁሉም «ጋዝ ሙላ» ነው የሚለው። ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። ከቀነሰ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ባለሙያ አለ፦ ዝም ብሎ የሚሞላና መጀመሪያ የሚያፈስበትን የሚፈልግ። ሁለተኛው ውድ ነው፤ ግን አንዴ ነው የምትከፍሉት። እኔ ለመጀመሪያው ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ።

ዳገቱን ስትወጡ የሙቀት ቀስቷ ከፍ ካለች ኤሲ ይጥፋ። ካልወረደች መስኮት ከፍታችሁ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱት። ሞኝነት ይመስላል፤ በሙቀት ላይ ሙቀት። ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ እናንተ ነው የሚያመጣው። እናንተ ላብ በላብ ሆናችሁ እሷ ትተርፋለች።

ጥላ

ለፊት መስታወት የሚታጠፈው ብርማ መከለያ ከካርቶን በብዙ ይሻላል፤ ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል። በመንገድ አዟሪዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት አለ። በጣም ቀጭኑ በአንድ ወር ይላጣል፣ ወፈር ያለውን ውሰዱ። ለጎን መስታወት ጥቁር ላስቲክ መለጠፍ አልመክርም። ኬላ ላይ ቆሞ መከራከሩ ከፀሐዩ ይብሳል። እኔ ለልጆቹ ነጭ ነጠላ መስኮቱ ላይ ቆንጥጬ እዘጋለሁ፤ ስትነዱ ግን የሹፌሩንና የገቢናውን መስኮት አትሸፍኑ። ሌዘር መቀመጫ ላይ ጋቢ ማንጠፍ ነው፤ ባለቤቴ «መኪናው አራስ ቤት መሰለ» ትላለች። ይምሰል።

የሚጠጣ ነገር

እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ሰው ዕድለኛ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ውሃ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ፤ ሲረጋ ስለሚነፋ ትንሽ አጉድዬ። ጠዋት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ መቀመጫ ሥር አስቀምጣለሁ። ብርድ ልብስ ሙቀት አይሠራም፤ ያለውን ነው የሚይዘው። ብርዱንም እንዲሁ። በስምንት ሰዓት ሮቢት ላይ ስፈታው መሀሉ ላይ እንቁላል የምታክል በረዶ አለች። የሚሸጠው የበረዶ ሳጥን ይበልጠዋል፣ አዎ፤ ግን ቦታ ይይዛል፣ ዋጋውም አይቀመስ።

ሌላው የጅቡቲ ሹፌሮች ዘዴ ነው። ጀሪካኑን በጆንያ ሰፍቶ፣ ጆንያውን አርሶ ከውጭ ማንጠልጠል። ነፋሱ ሲያደርቀው ውሃው ይበርዳል። ለከባድ መኪና ግሩም ነው። ለኮሮላ በሩን ቀለም ይልጣል፤ ሞክሬዋለሁ።

ለስላሳና ኃይል ሰጪ የሚሉት መጠጥ ጥም አይቆርጥም። ብዙ ላብ ካላባችሁ ከፋርማሲ ኦአርኤስ ያዙ፤ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ውሃ። የሮቢት ፓፓያና ማንጎ ከሁሉም ይጥመኛል። የደብረ ሲናን ቆሎ ማንም አይዘልም፣ እኔም አልዘልም፤ ጨው ያለበት ከሆነ ግን ውሃውን ጨምሩ።

ጎማ

ንፋስ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። መለኪያ የሌለው ጎሚስታ በእግሩ ረግጦ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። መለኪያ ያለው ጋ ሂዱ። ሮቢት ስትደርሱ የጋለ ጎማ ላይ ንፋሱ ይጨምራል፤ አይዟችሁ፣ አታስተንፍሱት። ሲበርድ የጎደለ ጎማ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ያገለገለ ጎማ ከገዛችሁ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ነው በሙቀት የሚፈነዳው። ስኮርታውንም፣ ትርፍ ጎማውን፣ አትርሱት።

ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ሙክት

መኪና ውስጥ ማንንም ትታችሁ አትውረዱ። «ሽንኩርት ጠይቄ ልመለስ» አይሠራም። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና በአሥር ደቂቃ ውስጥ አሥር ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ በግማሽ ሰዓት ሃያ ይጠጋል። መስኮት ትንሽ መክፈት ብዙም አይለውጠውም። ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ሰውነቱ ግሎ ከተዝለፈለፈ፣ ወደ ጥላ አውጥታችሁ ልብሱን ፍቱ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አታጠጡ።

ሰዓት

መንገዱን ጠይቃችሁ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ተነሱ። ከዚያ ቀደም ብትሉ ጣርማበር ላይ ጉም ሊጠብቃችሁ ይችላል። ለመመለስ ከአሥር ሰዓት በኋላ ዳገቱን ጀምሩ። ሙቀት ሽሽት ብሎ በሌሊት መንዳትን ግን አልመክርም፤ መብራት የሌለው መኪናና አስፋልት ላይ የተኛ ከብት አለ።

*የተጨመረ፦* ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። የጓደኛዬን ሁለት ጊዜ ነድቻለሁ። ቁልቁለቱን ስትወርድ ፔዳል ስትለቁ ራሷ ትይዛለች፣ ባትሪዋንም ትሞላለች፤ ፍሬኗ አልሸተተኝም። ባትሪው ጢም ካለ ግን የመያዝ አቅሟ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጫፍ ድረስ ሞልታችሁ ቁልቁለት አትጀምሩ። መመለሻው ዳገት ብዙ ይበላል። ሮቢት ላይ የምትሞሉበትን ቦታ ሳታረጋግጡ አትውረዱ። ጓደኛዬ ሳያረጋግጥ ወርዶ አንድ ሌሊት አድሯል፤ በትንኝ ተበልቶ ነው የመጣው።