ክርክር፦ ድመትና ዶሮ የሚገድል ውሻ በጋራ ግቢ ይኑር ወይስ ይውጣ?

ተከራይዋ (ጥያቄው የሷ ነው)
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ። አከራያችን ጋሼ ጀርመን ሼፐርድ አላቸው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ የግቢው በር ሲዘጋ ይፈታል። ባለፈው ሳምንት ድመቴን ገደላት። አልበላትም፣ ገድሎ ጥሏት ሄደ። ከዚያ በፊት የጎረቤቴን የበዓል ዶሮ ጨርሷል። ሰው ግን ነክሶ አያውቅም። የጋሼ የልጅ ልጆች ጆሮውን ሲጎትቱት ዝም ነው የሚለው። እኔ "ውሻው ይውጣ" አልኩ። እሳቸው ደግሞ "ድመት ማታ ቤት ትገባለች፣ ውሻ ማታ ይፈታል፣ ሥራው ነው" አሉኝ። ግቢ ውስጥ ጥንቸል የሚያረባ ልጅም አለ። ቀጣዩ ተራ የሱ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። ማነው ልክ?

የድመቶች አክስት
ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ይውጣ። ደም የቀመሰ ውሻ አይመለስም። ነገ ሕፃን ላይ ነው የሚሄደው።

ባለ ጀርመን
እህቴ፣ ነፍስ ይማር ለድመትሽ። "ደም የቀመሰ" የሚባለውን ግን አልቀበልም። ውሻ ድመት የሚያሳድደው ተናዶ አይደለም፣ ደስ ብሎት ነው። ሰው የሚነክስ ውሻ ብዙውን ጊዜ ወይ ፈርቷል ወይ ክልሉን እየጠበቀ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድመት ያባረረ ሁሉ ሰው ይነክሳል ብንል አገሩ ላይ አንድ ውሻ አይተርፍም ነበር።

አባ ግቢ
እኔም አከራይ ነኝ፣ የጋሼን ነገር እረዳዋለሁ። ውሻ የምናሳድገው ለሌባ ነው። ማታ አጥር የዘለለውን ሁሉ ያባርር ተብሎ ነው የሚፈታው። ውሻው ሌባና ድመት በምን ይለያል? ይውጣ ካላችሁ ሌሊት ድመቷ ትጮህልኛለች?

የእንስሳት ሐኪም
ባለ ጀርመን ያለው ባመዛኙ ልክ ነው። አደን የአንድ ጊዜ ድርጊት አይደለም፣ ተከታታይ ነው፦ ማየት፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መያዝ፣ መግደል፣ መብላት። ሰው ዝርያ ሲያራባ ከዚህ ውስጥ የሚጠቅመውን አጎልብቶ የማይፈልገውን አደብዝዟል። ጀርመን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1899 እንደ ዝርያ መመዝገብ ሲጀምር ሥራው በግ ማገድ ነበር። ስለዚህ ማሳደዱ እንዲበረታ፣ መግደሉ እንዲደበዝዝ ነው የተፈለገው። ቴሪየር የሚባሉት ውሾች ግን አይጥና ቀበሮ እንዲገድሉ ታስበው የተዳቀሉ ስለሆኑ እነሱ ላይ ተከታታዩ እስከ መጨረሻው አለ። ደበዘዘ ማለት ደግሞ ጠፋ ማለት አይደለም፣ የተከራይዋ ድመት ምስክር ናት።

ጠግቦ መብላቱም አያቆመውም። ማሳደድ የግድ ከረሃብ ጋር አይያያዝም። ገድሎ ጥሏት የሄደው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር ግን ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ ሰላማዊ የነበረ ውሻ በድንገት ያገኘውን ሁሉ መናከስ ከጀመረ የአደን ጠባይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ክትባቱን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ሕፃን ልጅ ከየትኛውም ውሻ ጋር ለብቻው አይተውም፣ ጆሮውን ቢጎተት ዝም ከሚለውም ጋር ቢሆን።

ፍቅር ያሸንፋል
እኔ ቤት ውሻና ድመት አንድ ሳህን ላይ ነው የሚበሉት። ሁሉም አስተዳደግ ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ አብራችሁ አሳድጉ፣ አለቀ።

የእንስሳት ሐኪም
ለቡችላ ልክ ነዎት። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ትልቅ ዋጋ አለው። ያኔ ድመት የለመደ ውሻ ብዙ ጊዜ የቤቱን ድመት እንደ ቤተሰብ ያያል። የጎረቤት ድመት አጥር ላይ ስትሮጥ ግን ያው ውሻ ሌላ ውሻ ይሆናል። የጋሼ ውሻ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ገድሎም ያውቃል። እሱን ፍቅር ብቻ አይመልሰውም። የምግብ ሳህን ግን ለዩላቸው እባክዎ። በምግብ የተነሳ ነው ብዙ ጠብ የሚነሳው።

ከቨርጂኒያ
እኔ እዚህ አሜሪካ ከውሻ ሩጫ ውድድር ጡረታ የወጣች ግሬይሃውንድ ወስጃለሁ። በሰዓት ወደ 70 ኪሎሜትር የምትሮጥ ውሻ ናት። ፍሎሪዳ በ2018 ሕዝቡ በድምፁ ውድድሩን ከልክሎ፣ በ2020 መጨረሻ ላይ ሲያበቃ ብዙዎቹ ቤት ይፈልጉ ነበር። ውሾቹን ለአሳዳጊ የሚሰጡት ሰዎች ከሁሉ በፊት ከድመት ጋር ይሞክሯቸዋል። አንዳንዷ ዞር ብላም አታያትም። አንዳንዷ ዓይኗን ተክላ ትቀራለች፣ ስሟን ቢጠሯትም አትሰማም። እንዲህ ያለችውን ድመት ላለበት ቤት አይሰጡም። የኔዋ ፈተናውን አልፋም መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ ማዝል (እንዳትነክስ አፏ ላይ የሚታሰር) አድርጋ ነበር የምትውለው። ድመቴ የራሷ ክፍል አላት፣ ቁም ሳጥን ላይም ትወጣለች። ሁለቱን ብቻቸውን ትቼ ከቤት አልወጣም፣ ዛሬም ድረስ።

የድመቶች አክስት
ይኸው! እሷስ ክፍል አላት። ሰርቪስ ቤት ያለች ድመት የት ትሂድ? ደግሞ ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳ ይባላል፣ ለውሻም ያው ነው።

ባለ ጀርመን
አመሉን አይረሳም፣ ተስማምተናል። ስለዚህ ውሻውን ሳይሆን ግቢውን እንቀይር። "ይውጣ" ማለት እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ድመት የገደለ ትልቅ ውሻ ማን ይወስዳል? መንገድ ላይ ነው የሚጣለው።

ሕግ ያነበበ
ስለ ጠባዩ እናንተ ተከራከሩ። ሕጉ ግን አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሳያስበው ቢያመልጠውም፣ ይሄ ይደርሳል ብሎ ባይገምትም። የጋሼ ደግሞ አላመለጣቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የፈቱት። ባለቤቱ ራሱ ካላጠፋ እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት የሚወጣበት መንገድም አለ።

ተከራይዋ
ገዳዩን ለኔ ሊሰጡኝ ነው? ተዉኝ እባካችሁ 😅

አባ ግቢ
ሕግ ሕግ አትበሉብን። ቀን ይታሰራል፣ ሌላ ምን ይደረግ?

የእንስሳት ሐኪም
አባ ግቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ችግሩ ግማሹ እሱ ነው። ቀን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ዶሮ ፊቱ ሲመላለስ የሚያይ ውሻ ሲጓጓ ነው የሚውለው። ማታ ሲፈታ ያ ሁሉ ጉጉት አብሮ ይፈታል። ጠዋትና ማታ በገመድ ይዞ ማንሸራሸር፣ ኳስ ማስያዝ፣ ሲጠሩት መምጣትን ማስተማር ብዙ ያረግበዋል። አያጠፋውም፣ ያረግበዋል።

አባ ግቢ
የት ነው የማንሸራሽረው? ይዤው ስወጣ ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ፣ የሰፈሩ ውሾች ይከቡናል፣ እግረኛው ይሸሻል። አውሮፓ መሰላችሁ እንዴ?

የእንስሳት ሐኪም
ይሄ እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። ንጋት ላይ መንገዱ ጭር ሲል ይሞክሩት። ካልሆነ ግቢው ውስጥም በረጅም ገመድ ማጫወት ይቻላል።

የጥንቸሎቹን ነገር ግን ዛሬውኑ አስቡበት። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ እንጂ ውሻ እንዳይገባ አይደለም፣ በጥርሱ ይቀደዋል። ወፈር ያለ፣ በብየዳ የተያያዘ ሽቦ ይሁን፣ ቤታቸውም ከመሬት ከፍ ይበል። ጥንቸል ሳትነከስም በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ውሻው ሽቦውን እየዞረ እንዳያሸት ሌላ አጥር ከፊቱ ያስፈልጋል።

ተከራይዋ
ይህን ሁሉ ለጋሼ አነበብኩላቸው። የጓሮውን ግማሽ በሽቦ አጥረው ማታ ውሻውን ከዋናው በር በኩል ብቻ ሊፈቱት ተስማምተዋል። ችግሩ፣ የሽቦውን ዋጋ ግማሽ እኔና ጥንቸል አርቢው እንድንከፍል ይፈልጋሉ።

የድመቶች አክስት
ድመትሽን ገድሎ ሽቦ ልትገዢለት!

ሕግ ያነበበ
ሽቦው የሚያግደው ውሻውን ነው፣ ውሻው የሳቸው ነው። አትክፈይ።

ባለ ጀርመን
ድርሻሽ ትንሽ ከሆነ ክፈይና በሰላም ኑሪ። የቤት ኪራይ የሚጨምረው እሱን ነገር ስትከራከሪ ነው።

አባ ግቢ
እኔ ብሆን ሽቦውን ራሴ እችላለሁ። ድመት ማታ ውጪ ካደረች ግን እጄ የለበትም።

ከቨርጂኒያ
ድመት ማታ ቤት ማስገባቱ ላይ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። ብቻ የሽቦ አጥሩ በር ክፍት እንዳይቀር ማታ ማታ የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ።