እሾሃማ አይጦች፦ የተገፈፈ ጅራት፣ የጠፋ ግልገል፣ ወንዱስ ይውጣ?

የማታ_ሯጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ወንድና ሁለት ሴት እሾሃማ አይጦች (አኮሚስ) አብረው ነው ያሉት። ቤታቸው 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሽቦ ኬጅ ነው፤ በሽቦዎቹ መካከል 12 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። የሚበሉት የወፍ እህል ሲሆን ግማሹ የሱፍ አበባ ፍሬ ነው። አንዷ ሴት ባለፈው ሳምንት ሦስት ወለደች፤ አሁን የሚታዩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሦስተኛው ሬሳም የለም። የሌላዋ ሴት የጅራት ቆዳ ደግሞ እስከ ግማሹ ተገፎ አጥንቱ ይታያል። ወንዱ ይሆን የሚያጠቃቸው? ላውጣው? ጅራቷንስ ምን ላድርግላት?

ድንጋይ_ሥር፦
ወንድሜ፣ ወንዱን ከመክሰስህ በፊት ሽቦውን እይ። የአኮሚስ ግልገል እንደ ተራ አይጥ ልጅ ራቁቱንና ዕውር ሆኖ አይወለድም። 5 ወይም 6 ግራም ይመዝናል፣ ፀጉር አለው፣ ዓይኑ ወዲያው ወይም በአንድ ሁለት ቀን ይገለጣል፣ በተወለደ ማግስትም ይራመዳል። ጭንቅላቱ ባለፈበት ገላው ያልፋል፤ 12 ሚሊ ሜትር ለእሱ በር ነው። ከኬጁ አካባቢ ሞቃት ቦታ ካለ፣ ከማቀዝቀዣ ጀርባም ቢሆን፣ ዛሬውኑ ፈልግ። ለጊዜው ኬጁን 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው የብረት ወንፊት ዙሪያውን ሸፍን፤ ፕላስቲክ ወንፊት በአንድ ሌሊት ይበጣጥሱታል። ዘላቂው መፍትሔ ግን 90 በ45 የሚሆን፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሣጥን ከወንፊት ክዳን ጋር ነው። ወደ ላይ መንጠላጠል ስለሚወዱ ቁመቱ ትርፍ አይደለም።

ወደ ጅራቱ ስንመጣ፣ የእነዚህ አይጦች ቆዳ በቀላሉ ይቀደዳል፤ አውሬ ሊበላቸው ሲይዛቸው ቆዳውን ትተውለት ያመልጣሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የጀርባቸውን ቆዳ ከነፀጉሩ መልሰው እንደሚያበቅሉ አሳይቷል። ጅራት ግን ከሄደ ሄደ። የተጋለጠው አጥንት ይደርቃል፣ ከዚያ ወይ ይወድቃል ወይ ራሷ ታኝከዋለች። አትጠቅልለው፣ ቅባትም አትቀባው፤ ትልሰዋለች። ንጣፉን አውጥተህ ነጭ ወረቀት አንጥፍ፤ ደም ካለ ወዲያው ይታይሃል። መድማቱ ካልቆመ፣ ሥሩ ካበጠ ወይም ከሸተተ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዳት።

መንስኤውን ደግሞ ገላዋ ላይ አንብብ። ጆሮዋና ዳሌዋ ላይ ንክሻ ካለ ጠብ ነው፤ ጠብ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጥበት ነው። ሌላ ቁስል ከሌለ ግን ወይ ጅራቷን የያዘ ሰው አለ፣ ወይ መሮጫው ጎማ እንደ መሰላል ክፍት ነው። ጎማው ድፍን፣ ዲያሜትሩም ከ25 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ይሁን። ስታነሣቸው በእጅ አታሳድድ፤ ወደ ስኒ ወይም ወደ ካርቶን ቱቦ እንዲገቡ ምራቸው።

አኮሚስ_ቤት፦
ወንዱን አሁን ማውጣት ምንም አይጠቅምም። ሴቷ በወለደች በሰዓታት ውስጥ ነው ከወንዱ ጋር እንደገና ተገናኝታ የምትፀንሰው፤ ስለዚህ ያረገዘች ያህል ቁጠር። እርግዝናው ከ38 እስከ 42 ቀን ነው፣ ከተራ አይጥ እጥፍ ማለት ነው፤ የሚወለዱትም አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 3 ናቸው። አባቱ በደህና ጊዜ ልጆቹን አይነካም፤ ሌላዋ ሴትም አዲስ የተወለዱትን እስከ መላስ ትረዳለች። አውጥተህ ከወር በኋላ ብትመልሰው ግን ሴቶቹ እንደ እንግዳ ቆጥረው ሊያጠቁት ይችላሉ።

ወንፊት፦
እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። 60 በ40 ውስጥ ሦስት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ ካሉ፣ በ40 ቀን ውስጥ ሌላ ወሊድ ሲጨመር ጅራት መቆረጡ አይቀርም። ትልቅ ሣጥን በቅርቡ የማይገኝ ከሆነ ወንዱን ለዘለቄታው ለይቶ መራባቱን ማቆም ይሻላል። ማውጣት መመለስ የሚባለው ግን እኔም አልስማማበትም።

አኮሚስ_ቤት፦
በዚያ እስማማለሁ።

የማታ_ሯጭ፦
አመሰግናለሁ፤ ትልቁ ሣጥን ይመጣል። ውስጡ ምን ይደረግ? ምግቡስ?

ድንጋይ_ሥር፦
ቆፋሪ አይደሉም፣ የዓለት ስንጥቅ ነዋሪ ናቸው። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የወረቀት ንጣፍ ወይም ከአቧራ የተነፋ ሰጋቱራ ይበቃል፤ የጥድና የዝግባ አይሁን፣ ሽታው ሳንባና ጉበት ይጎዳል። ድንጋዮቹን መጀመሪያ መስታወቱ ላይ አስቀምጥ፣ ንጣፉን ከዚያ በኋላ ጨምር። ንጣፍ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሥሩ ሲጫር ግልገል ላይ ይወድቃል። መደበቂያው ከአይጦቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ፤ እያንዳንዱም ሁለት መውጫ ይኑረው፣ አለበለዚያ አንዷ በሩ ላይ ተቀምጣ ሌላዋን ታስርባለች። የውሃ ጠርሙስ ሁለት፤ የበረሃ እንስሳ ነው ተብሎ ውሃ አይከለከልም። ለገላቸው መታጠቢያ የቺንቺላ (አይጥ መሰል የቤት እንስሳ) አሸዋ በሳሕን ይቅረብ፤ እንደ ዱቄት የላመው ዓይነት ግን አይሁን። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ። ማሞቂያ ካስፈለገ ሣጥኑን በአንድ ጎን በኩል ብቻ ያሙቅ፣ መቆጣጠሪያም ይኑረው፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ጥግ ያስፈልጋቸዋል።

ያ የሱፍ ፍሬ ግን ከጅራቱም በላይ ያሳስበኛል። እነዚህ አይጦች ስብና ጣፋጭ ሲበዛባቸው ይወፍራሉ፣ ከዚያም የስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። ምልክቱ ብዙ መጠጣትና ቶሎ የሚርስ ንጣፍ ነው፤ ወፍራም የነበረው ያለ ምክንያት መክሳት ከጀመረ ዘግይቷል። ዋናው ምግብ ለአይጥ የተዘጋጀ እንክብል ይሁን፤ ፕሮቲኑ 16 በመቶ ገደማ፣ ስቡ ከ5 በመቶ ያልበለጠ። ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 እስከ 7 ግራም ስጥ። በላዩ ትንሽ ማሽላ ወይም አጃ፣ በሳምንት ሁለቴ አንድ ፌንጣ ወይም ሁለት የዱቄት ትል፤ ለምታጠባዋ በየሁለት ቀኑ። የሱፍ ፍሬ በሳምንት ሁለት ፍሬ፣ ያውም ከእጅህ። ዘቢብና ማር ፈጽሞ አትስጥ። ለውጡን በአንድ ቀን አታድርገው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀላቀልህ አሸጋግራቸው። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝን፤ ወንዱ ሳምንት በሳምንት የሚጨምር ከሆነ እህሉን ቀንስ።

ወንፊት፦
አንድ ነገር ተረስቷል። ግልገሎቹ በሦስተኛው ሳምንት ጡት ቢተዉም እስከ አራተኛው ከእናታቸው ጋር ይቆዩ። ሁለት ወር ሳይሞላቸው መራባት ስለሚችሉ በስድስተኛው ሳምንት ወንዱንና ሴቱን ለይ። ለመለየት ቆዳ እየያዝክ አትገልብጣቸው። ታቹ የሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስገባና ከሥር ተመልከት፤ በብልቱና በፊንጢጣው መካከል ያለው ርቀት የሚበልጠው ወንዱ ነው። አንዱን ብቻ አይተህ አትወስን፣ ልዩነቱ ሲነጻጸር ነው የሚታየው።