በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ የቆሰለ ሚሊሺያ ጡረታውን የሚከፍለው ማን ነበር?

መዝገብ ያዥ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ዘመን የጡረታ መዝገብ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የጡረታ ሕግ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ከፋዩን ነው። በዛሬዋ ማሳቹሴትስ ውስጥ የነበረው የእንግሊዞች የፕሊመዝ ቅኝ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1636 ባወጣው ሕግ፣ ለዘመቻ ተልኮ አካሉ ጎድሎ የተመለሰ ወታደር ዕድሜ ልኩን በቅኝ ግዛቱ ወጪ ይጦራል። በንጉሡ ግምጃ ቤት አልተመኩም! አንድ ትንሽ ሰፈራ ይህን ያህል ቃል መግባቱ ልቤን ይነካዋል። ለመሆኑ ሚሊሺያው በአዘቦቱ ደመወዝ ነበረው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣ ነበር?

የድሮ ሕግ አንባቢ፦ በአዘቦቱማ የለም። በማሳቹሴትስ ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ፣ ሕጉ ነፃ ካደረጋቸው በቀር፣ የጦር መሣሪያውን ራሱ አሟልቶ ለልምምድ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ወጪው በየቤተሰቡ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ደመወዝ የሚታሰበው ዘመቻ ሲወጡ ነው፤ እሱም ቢሆን ያስቸግር ነበር። በ1690 የማሳቹሴትስን ጦር የመራው ዊልያም ፊፕስ በፈረንሳይ እጅ የነበረችውን ኩቤክን ሊይዝ ዘምቶ ሳይሳካለት ተመለሰ። ቅኝ ግዛቱ ወጪውን ከምርኮ እሸፍናለሁ ብሎ ስለነበር ካዝናው ባዶ ነው፤ ወታደሩ ደግሞ ደመወዙን ይጠይቃል። በመጨረሻ 7,000 ፓውንድ የሚያወጣ የወረቀት ገንዘብ አትመው ከፈሉ። ነጋዴው ግን ወረቀቱን በተጻፈበት ዋጋ አልቀበልም አለ። በብርድና በበሽታ ተጎድቶ የመጣ ሰው ገንዘቡን በቅናሽ ሲሸጥ ይታያችሁ! በኋላ መንግሥት ለግብር ክፍያ 5 በመቶ ጨምሮ መቀበል ሲጀምር ነው ዋጋው የተነሣው።

ዘላለም፦ ፔንስልቬንያንም ጨምሩበት። እዚያ የነበሩት ኩዌከሮች የተባሉ ክርስቲያኖች በሃይማኖታቸው ጦር ስለማያነሱ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያረቀቀው የ1755ቱ የሚሊሺያ ሕግ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነበር፤ መኮንኖቹንም የሚመርጡት ራሳቸው ሚሊሺያዎቹ ናቸው። ለመከላከያ 60,000 ፓውንድ የተፈቀደው ግን በሌላ ሕግ ነው። የሚሊሺያውን ሕግ ለንደን በማግሥቱ ዓመት ሻረችው።

መዝገብ ያዥ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የ1776ቱም ገባኝ። ኮንግረሱ፣ ማለትም የግዛቶቹ የጋራ ጉባኤ፣ በነሐሴ ወር እጅ ወይም እግሩን ላጣ ወታደር ግማሽ ደመወዝ ዕድሜ ልኩን ሲፈቅድ፣ ክፍያውን ለየግዛቶቹ ተወው። አንዱ ወስኖ ሌላው የሚከፍልበት ጡረታ ባለመብቱን በየደጁ እንደሚያንከራትት በሥራዬ አይቻለሁ። የፌዴራሉ መንግሥት እነዚህን ጡረታዎች በራሱ ካዝና መክፈል የጀመረው በ1789 በወጣ ሕግ ነው፤ እስከዚያ 13 ዓመት አለፈ።