ሶል ከመግዛታችሁ በፊት ወገባችሁን አስመርምሩ

«ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ የትኛው ሶል ይሻለኛል?» ለምትሉኝ፦ እኔ ሁለት ዓይነት ሶል (ጫማ ውስጥ የሚገባ ንጣፍ) ገዝቻለሁ። ለስላሳው ጄልም ጠንካራውም አልጠቀሙኝም። ለካስ ጣጣው ያለው ወገቤ ላይ ነው!

ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች የሚነሱት ከታችኛው ወገብ ነው። የተንሸራተተ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) አንዱን ሲጫነው ሕመሙ የሚሰማው ታች፣ ነርቩ በሚደርስበት ቦታ ነው። አምስተኛው የወገብ ነርቭ ከተነካ የእግር የላይኛው ገጽና አውራ ጣት ይደነዝዛሉ፤ በተረከዝ መራመድም ያስቸግራል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ከሆነ ሕመሙ ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ውስጥ እግር ይሄዳል፤ በጣት መቆም ይከብዳል። ወገብን ጨርሶ ሳያም እግር ብቻ ሊያም ይችላል። እኔን የሸወደኝ ይሄ ነው።

ሶል የሚጠቅመው ለሌላ ሕመም ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ተረከዛችሁን እንደ ሚስማር ወግቶ፣ ትንሽ ስትራመዱ ቀለል ካለ፣ የውስጥ እግር ጅማት ሊሆን ይችላል። ያኔ ግዙ። በልክ የሚሠራው ከተዘጋጀው ብዙም ስለማይበልጥ በርካሹ ጀምሩ። ስታስሉ ወይም ብዙ ስትቀመጡ ከመቀመጫ እስከ እግር የሚወርድ ሕመም ካለ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ። የወገብ ቀበቶም ቢሆን ደገፍ ያደርጋል እንጂ የተጫነውን ነርቭ አያላቅቅም።

የእኔ ምርጫ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ባለሙያው ላይ ግን ይወሰናል። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ በማሽን ያሞቁኝና ይሸኙኝ ነበር። ሁለተኛዋ በተረከዝና በጣት አስኬደችኝ፣ ተንጋልዬ እግሬን ቀጥ አድርጋ አነሳች፣ የቤት ስፖርት ሰጠችኝ። እንዲህ የሚመረምራችሁን ፈልጉ። አብዛኛው የዲስክ ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ተኝቶ መዋል አይረዳም።

ኤምአርአይ ለመነሳት አትቸኩሉ። ምንም የማያማቸው ሰዎችም ዲስካቸው አብጦ ይታያል። መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ግን ያስፈልጋል። ችግሩ ከወገብ ይሁን ከቁርጭምጭሚት ካልለየ በኤሌክትሪክ የሚደረግ የነርቭ ፍተሻ ይሻላል፤ ሕመሙ በጀመረ 3 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው በደንብ የሚያሳየው።

መድኃኒት ላይ ተጠንቀቁ። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ስኳር ለጎዳው ነርቭ ይታዘዛሉ፤ ከወገብ ለሚወርድ የነርቭ ሕመም ግን የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በ2020 እ.ኤ.አ. አትስጡ ብሏል።

ሁለቱም እግሮች እኩል፣ ካልሲ እንዳጠለቁ ያህል ከደነዘዙ መጀመሪያ ደም ተመርመሩ፦ ስኳርና ቫይታሚን ቢ12። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል።

እግር መነሳት ካቃተው፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ ምንም ሳታማርጡ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ጄሉን ሶል ግን አልጣልኩትም። ብዙ በምቆምበት ቀን ለተረከዜ ይመቸኛል።