የናይጄሪያውን የአዳሪ ትምህርት ቤት ድራማ ከልጄ ጋር ማየቴን ልቀጥል?

የአቶቴ እናት (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከጓደኞቿ ሰምታ አንድ የናይጄሪያ ተከታታይ ድራማ በዩቲዩብ ማየት ጀምራለች። እኔም ምን እንደምታይ ለማወቅ ብዬ አጠገቧ መቀመጥ ጀመርኩ፤ አሁን ግን ቀጣዩን ክፍል በጉጉት የምጠብቀው እኔ ሆኛለሁ። ታሪኩ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሆን ነው።

ትናንት ማታ ባየነው ክፍል፣ አንዲት አዲስ ገቢ ልጅ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ለትልቋ ተማሪ ባልዲ ውኃ ትሞላለች፣ ዩኒፎርሟን ትተኩስላታለች፤ ራሷ ገላዋን ሳትታጠብ ደወሉ ይደወላል። ከዚያ ደግሞ አርፍደሻል ተብላ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትንበረከካለች። ልጄ ዞር ብላ «እማዬ፣ ለምን እምቢ አትልም?» አለችኝ። እኔ በልጅነቴ ጠጠር ላይ ተንበርክኬ አውቃለሁ፤ እምቢ ማለት የሚቻል ነገር ነው ብዬ ግን አስቤ ስለማላውቅ የምመልሰው አጣሁ።

ይህ አኗኗር እውነተኛ ነው ወይስ ለድራማ ተብሎ የተጋነነ? የ14 ዓመት ልጅስ ብታየው ጉዳት አለው ትላላችሁ? ንግግራቸውም አልፎ አልፎ ያመልጠኛል።

የእንግሊዝኛ መምህር፦
እህቴ፣ ሥርዓቱ የፊልም ሠሪዎች ፈጠራ አይደለም። ሌጎስ ውስጥ ኪንግስ ኮሌጅ በ1909፣ የሴቶቹ ኩዊንስ ኮሌጅ ደግሞ በ1927 እ.ኤ.አ. የተከፈቱት በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ሲሆን፣ ተማሪውን በየ«ሀውስ» (በየመኖሪያ ቡድኑ) መመደብ፣ ትልልቆቹን ተማሪዎች በትንንሾቹ ላይ መሾም፣ ትንሹም ትልቁን እንዲያገለግል ማድረግ ከእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የመጣ ልማድ ነው። ትንሹ ተማሪ ትልቁን በስሙ ብቻ አይጠራውም፤ «ሲኒየር» የሚለውን ከስሙ ፊት ያስቀድማል። እኛ «ጋሼ» እንደምንለው ይመስላል፤ ነገር ግን የእኛው ለዕድሜ የሚሰጥ አክብሮት ሲሆን የእነርሱ የማዘዝ ሥልጣን ጭምር ያዘለ ነው። በእርግጥ ናይጄሪያ ውስጥ ሁሉም ተማሪ አዳሪ አይደለም፤ ድራማም የአንድ ዓመቱን መከራ በአንድ ማለዳ ይጨምቀዋል።

የክፍሎቹ አጠራር ግራ አጋብቶዎት ከሆነ፣ አንደኛ ደረጃው 6 ዓመት፣ ጁኒየሩ 3፣ ሲኒየሩ 3 ነው፤ «ኤስኤስ 3» ማለት የእኛ 12ኛ ክፍል ነው። በመጨረሻ የሚፈተኑት «ዋኤክ» የሚሉት ፈተና ከናይጄሪያ ሌላ ለጋና፣ ለሴራሊዮን፣ ለላይቤሪያና ለጋምቢያ ተማሪዎችም የሚሰጥ ሲሆን፣ ውጤቱ ከኤ1 እስከ ኤፍ9 ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እንግሊዝኛን፣ ለብዙዎቹ የትምህርት ዘርፎችም ሒሳብን ጨምሮ በ5 ትምህርቶች ቢያንስ ሲ6 ማምጣት ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ ከ400 የሚታረመው የ«ጃምብ» የመግቢያ ፈተና አለ። ስለዚህ በድራማው ውስጥ አንዲት ልጅ በሒሳብ ኤፍ9 አይታ ስታለቅስ ብታዩ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞቻችን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው የተነገረ ዕለት በየቤታችን የወረደውን ዝምታ አስታውሱ።

የሚያመልጥዎት ንግግር ፒጂን፣ ማለትም ከእንግሊዝኛ ጋር የተቀላቀለው የናይጄሪያ መግባቢያ ቋንቋ ይሆናል። «ዌቲን» ምን፣ «አቤግ» እባክህ፣ «ኦጋ» አለቃ፣ «ዋሃላ» ጣጣ ማለት ነው። እነዚህን አራቱን ከያዙ ብዙው ይገለጥልዎታል።

ዶርም የኖርኩ፦
ሕንድ አገር ስማር ከአንድ ናይጄሪያዊ ጋር ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖሬያለሁ። እርሱም ያደገው አዳሪ ቤት ነበር። ስለ ባልዲው ነግሮኛል፤ ከሁሉ አስበልጦ የሚያወራው ግን ከቤት ይዞት ስለሚሄደው በቁልፍ ስለሚዘጋ የብረት ሣጥን ነበር። በውስጡ ወተት፣ ብስኩትና ጋሪ ይኖራል። ጋሪ ካሳቫ ተፍቆ፣ እንዲቦካ ተደርጎ፣ ውኃው ተጨምቆ የሚቆላ ደረቅ ዱቄት ነው። ማታ ሲርባቸው በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው፣ ስኳርና ኦቾሎኒ ጨምረው በማንኪያ ይበሉታል። መጀመሪያ ሲያቀርብልኝ፣ ከእናቴ የተላከልኝን በሶ አውጥቼ በስኳር በጠበጥኩለት፤ ቀምሶ «ይህ የእናንተ ጋሪ ነው» አለኝ። ልጅዎ ድራማው ውስጥ ሣጥን ሲሰበር ተማሪዎቹ ለምን እንደዚያ እንደሚናደዱ ብትጠይቅ፣ በሶዋን የተሰረቀች የዩኒቨርሲቲ ተማሪን አስባ ትረዳዋለች።

መንግሥት የከፈታቸው «የአንድነት ትምህርት ቤቶች» የሚባሉም አሉ። የሐውሳው፣ የዮሩባውና የኢግቦው ብሔረሰብ ልጅ በአንድ ግቢ እንዲያድጉ የታሰቡ ናቸው። ጓደኛዬ ከእነዚህ በአንዱ ስለተማረ የሐውሳ ዘፈን ያውቅ ነበር፤ እርሱ ራሱ ኢግቦ ነው። እንደ ሐዋሳ በብዙ ቋንቋ በሚኖር ከተማ ላደገ ሰው ይህ ብቻውን ድራማውን እንዲያየው የሚያደርግ ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እኔ አስቁሜያለሁ። የ12 ዓመት ልጄ ሁለት ሳምንት ካየ በኋላ ታናሽ እኅቱን «ሲኒየር በይኝ» እያለ ጫማውን ሲያስጠርጋት አገኘሁት። ያየነው ድራማ የትንሿን ተማሪ መንበርከክ የሚያሳየው አስቂኝ ሙዚቃ አጅቦ ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚስቅበትን ነገር ትክክል አድርጎ ይወስዳል። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል፤ እኛ ወላጆች ግን አብዛኞቻችን ይህን ለልጆቻችን ነግረናቸው አናውቅም። እርስዎ አጠገቧ ስለሚቀመጡ ይለያል። ብቻዋን የምታይ ከሆነ ግን አልመክርም።

የአቶቴ እናት (ሐዋሳ)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሙዚቃውን የሚመለከተው አስተያየት እውነት ነው፤ ትናንትናውኑ ደግሜ ከፍቼ አዳመጥኩት። ዛሬ ራት ላይ ጥያቄዋን መልሼ ለልጄ አቀረብኩላት፦ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ጥቂት አሰበችና «ባልዲውን እሞላለሁ፤ ማታ ግን ላንቺ እደውላለሁ» አለችኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ስልክ እንደማይፈቀድ ስነግራት እጇን ከገበታው ላይ አንሥታ ዝም አለች። ቀጣዩ ክፍል የወላጆች መጎብኛ ቀን ነው፤ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።